የራግቢ ብሔራዊ ቡድንን ቀጣይ ዋና አሠልጣኝ ማን ይምረጥ? ሊቀመንበሩ፣ ኮሚቴው፣ ዳይሬክተሩ ወይስ ተጫዋቾቹ?

አንድ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን ከዓለም ዋንጫ በጊዜ ሲሰናበት ክርክሩ ወዲያውኑ ወደ ስም ይሮጣል። እገሌ ይምጣ፣ እገሌ አይሆንም፣ የውጭ ሰው ይሻላል፣ የለም የአገር ልጅ ይሁን ይባላል። ስሙን የሚወስነው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ያለፉትን ሃያ ዓመታት ሹመቶች ወደ ኋላ ተመልሶ ላየ ሰው ብዙዎቹ የከሸፉት ገና ዕጩ ሳይቀርብ ነው። ምርጫው በማይገባው ሰው እጅ ወድቆ ነበር፤ ወይም በሚገባው ሰው እጅ ሆኖ ጊዜው አልፎበት ነበር።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለፌዴሬሽን ሰዎችና እነርሱን ለሚሞግቱ ደጋፊዎች ነው። አማራጮቹን የማመዛዝነው በሦስት ጥያቄ ነው። መራጩ የዋና አሠልጣኝን ሥራ ከውስጥ ያውቀዋል? ምርጫው ሲበላሽ በስሙ ይጠየቃል? ለማጣራት የሚበቃ ጊዜስ አለው? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሊቀመንበሩ ብቻውን

ከሁሉም ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ሊቀመንበሩ ስልክ ያነሣል፣ በልቡ ያለውን ሰው ያነጋግራል፣ ቦርዱም ያለቀ ጉዳይ ቀርቦለት እጁን ያወጣል። የቅርብ ጊዜው ምሳሌ አውስትራሊያ ናት። በጃንዋሪ 2023 የአገሪቱ ፌዴሬሽን ዴቭ ሬኒን ማሰናበቱንና ኤዲ ጆንስን መሾሙን በአንድ ቀን አስታወቀ። የሹመቱ ዋና ገፊ ሊቀመንበሩ ሀሚሽ ማክሌናን ነበሩ። ጆንስ ከእንግሊዝ ቡድን ከተሰናበቱ ገና ስድስት ሳምንት ያህል ነበር። ውሉ እስከ 2027 የሚዘልቅ ሲሆን ለዓለም ዋንጫው ግን ስምንት ወር እንኳ አልቀረም ነበር።

ከዚያ የሆነውን ራግቢ የሚከታተል ሁሉ ያስታውሰዋል። አዲሱ አሠልጣኝ ማይክል ሁፐርንና ኩዌድ ኩፐርን የመሰሉ ነባር ተጫዋቾችን ትተው በወጣቶች ቡድን ወደ ፈረንሳይ ሄዱ። በሴንት ኤቲየን በፊጂ 22 ለ15፣ በሊዮን በዌልስ 40 ለ6 ተሸነፉ። አውስትራሊያ በዓለም ዋንጫ ታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ጆንስ በዚያ ዓመት ከዘጠኝ ጨዋታ ሁለቱን ብቻ አሸንፈው በኦክቶበር መጨረሻ ለቀቁ። በቀጣዩ ወር ሊቀመንበሩም ከወንበራቸው ተነሡ።

ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው በጆንስ ላይ ነው። እኔ ግን አሠልጣኙ ሥራ አያውቁም የሚለውን አልቀበልም። አውስትራሊያን ለ2003ቱ የፍጻሜ ጨዋታ ያደረሱት እርሳቸው ናቸው፤ በ2015 ደቡብ አፍሪካን 34 ለ32 አሸንፎ ዓለምን ያስደመመውን የጃፓን ቡድንም ያሠለጠኑት እርሳቸው ናቸው። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር። ከዓለም ዋንጫ ስምንት ወር በፊት አሠልጣኝ መለወጥ ምን ያተርፋል ብሎ ሊቀመንበሩን ፊት ለፊት የሚሞግት ሰው አልነበረም፤ ከነበረም አልተሰማም። በአንድ ስም ልቡ የተነካ ሰው ይህን ጥያቄ ራሱን አይጠይቅም።

ፈረንሳይም ከዚህ ብዙ አልራቀችም። በ2017 መጨረሻ በፕሬዚዳንት በርናር ላፖርት የሚመራው ፌዴሬሽን ጊ ኖቬስን አሰናብቶ ዣክ ብሩኔልን ተካ። የቱሉዝ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት በኋላ ስንብቱ በቂ ምክንያት የለውም ብሎ ፌዴሬሽኑን ወደ አንድ ሚሊዮን ዩሮ በሚጠጋ ካሣ ቀጣው። የችኮላ ሒሳብ እንዲህ ዘግይቶ ይመጣል።

ይህ መንገድ አንድ በጎ ጎን አለው ከተባለ ተጠያቂው በግልጽ መታወቁ ነው። ማክሌናን ምርጫቸውን ተከትለው ወደቁ። ኮሚቴ እንዲህ ሲወድቅ አይታይም።

ሥራ አስፈፃሚው

አሁን ያንኑ ሰው በሌላ መራጭ እጅ እንየው። እንግሊዝ የ2015ቱን የዓለም ዋንጫ በዋናነት አስተናግዳ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። አሠልጣኙ ስቱዋርት ላንካስተር ከመነሣታቸው በፊት ፌዴሬሽኑ ውድድሩን የሚገመግም ቡድን አቋቋመ፤ ከአባላቱም መካከል እንደ ኢያን ማክጊካን ያሉ አሠልጣኝነትን በተግባር የሚያውቁ ሰዎች ነበሩበት። ፍለጋውን የመሩት ሥራ አስፈፃሚው ኢያን ሪቺ ናቸው። ጆንስ በኬፕ ታውን የስቶርመርስን ሥራ ከጀመሩ ብዙም ሳይቆዩ ሪቺ እዚያው ድረስ ሄደው አነጋገሯቸው፤ ለክለቡም ካሣ ተከፍሎ የእንግሊዝ የመጀመሪያው የውጭ አገር አሠልጣኝ ሆኑ። በ2016 በየዓመቱ በአውሮፓ በሚካሄደው የስድስቱ አገሮች ውድድር ሁሉንም ጨዋታ አሸነፉ። ከእርሳቸው ሹመት በፊት ከተገኘችው አንዲት ድል ጋር ተደምሮ የእንግሊዝ ተከታታይ ድል 18 ደረሰ፤ በ2019ም ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በቁ።

አንድ ሰው፣ ሁለት መራጭ፣ ሁለት ውጤት። ንጽጽሩ ንጹሕ አይደለም፤ በ2015 ጆንስ አራት ዓመት ነበራቸው፣ በ2023 ደግሞ ወራት ብቻ። ነገር ግን ያንን ጊዜ የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ማን ሆነና? መራጩ ነው። የሪቺ ጥንካሬ ከስሙ በፊት የተሸነፉበትን ምክንያት አስመርምረው መነሣታቸው ላይ ነው። ያጡት ዓለም አቀፍ ልምድ ያለው ሰው መሆኑን አወቁ፤ ያንን ሰው ፈለጉ።

የዚህ መንገድ ድክመት ሥራ አስፈፃሚዎች ብዙ ጊዜ ከንግዱ ዓለም የሚመጡ መሆናቸው ነው። የስታዲየም ገቢና የቴሌቪዥን ውል ያውቃሉ፤ አንድ ቡድን ስክረሙ (የፊት ተጫዋቾች ተቆላልፈው የሚገፋፉበት ፉክክር) ለምን እንደሚፈርስ ግን ሌላ ሰው ሊነግራቸው ይገባል። ጥሩ አማካሪ ያለው ሥራ አስፈፃሚ መልካም መራጭ ነው። አማካሪ የሌለው ደግሞ ከሊቀመንበሩ የሚለየው በማዕረግ ብቻ ነው።

ኮሚቴ

ኒውዚላንድ በዚህ ጉዳይ ከማንም የበለጠ ትምህርት ትሰጣለች፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

በኦክቶበር 2007 ካርዲፍ ላይ በሩብ ፍጻሜ በፈረንሳይ 20 ለ18 ስትሸነፍ አገሩ ሁሉ ግርሃም ሄንሪ እንዲባረሩ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በፊት በ1999ም በ2003ም ዋንጫው ሲጠፋ አሠልጣኙ አብሮ ሄዷል። ተተኪውም ዝግጁ ነበር፤ ሮቢ ዲንስ ከአገሪቱ ክለብ ከክሩሴደርስ ጋር ዋንጫ በዋንጫ ላይ እየደረደሩ ነበር። ፌዴሬሽኑ ግን ውድድሩን አስገምግሞ፣ ሥራውን ክፍት አድርጎ፣ ሄንሪ ራሳቸው እንደማንኛውም ዕጩ እንዲወዳደሩ ካደረገ በኋላ እንደገና ሾማቸው። ቁጣው ቀላል አልነበረም። ዲንስ በቀናት ውስጥ ወደ አውስትራሊያ ሄዱ። ከአራት ዓመት በኋላ በኤደን ፓርክ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ የሄንሪ ቡድን የዲንስን አውስትራሊያ 20 ለ6 አሸንፎ አለፈ፤ በፍጻሜውም ፈረንሳይን 8 ለ7 ረትቶ ዋንጫውን አነሣ። በ2007 ውሳኔው ለደጋፊ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ ሄንሪ አንድ ሳምንት አይቆዩም ነበር።

ይህን ብቻ አይቶ ኮሚቴን የሚያመልክ ሰው ግን 2019ን ይመልከት። ያን ጊዜ አምስት ሰዎች ያሉበት ቡድን ተሰየመ፤ ግርሃም ሄንሪ ራሳቸው ነበሩበት፣ የቀድሞዋ የሴቶች ኔትቦል ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ዋይማራማ ታውማኑም ነበሩበት። ስብጥሩ በወረቀት ላይ እንከን የለሽ ነው፤ ሥራውን የሠራ ሰው አለ፣ ከስፖርቱ ውጭ የመጣ ዓይን አለ፣ የፌዴሬሽኑም ኃላፊዎች አሉ። ችግሩ ጊዜው ነበር። ምርጫው ከዓለም ዋንጫው በኋላ ስለተደረገ ጄሚ ጆሴፍ ከጃፓን ጋር ለመቀጠል ወስነው ነበር፣ ዴቭ ሬኒም በኖቬምበር የአውስትራሊያን ሥራ ይዘዋል። በዲሴምበር ለመጨረሻ ውድድር የቀሩት ኢያን ፎስተርና ስኮት ሮበርትሰን ናቸው፤ ፎስተር ተሾሙ። በ2022 በሜዳቸው በሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች በአየርላንድ 2 ለ1 ሲሸነፉ ሁለት ረዳቶቻቸው፣ ጆን ፕላምትሪና ብራድ ሙአር፣ ተነሡ፤ በምትካቸው ጄሰን ራያን ገቡ፣ የቀድሞው የአየርላንድ አሠልጣኝ የጆ ሽሚት ሚናም ሰፋ። ከዚያ በኋላ ያው ቡድን በ2023 ለፍጻሜ ደርሶ፣ አብዛኛውን ጨዋታ በ14 ሰው ተጫውቶ፣ በአንዲት ነጥብ ልዩነት 12 ለ11 ተሸነፈ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ስለ ረዳቶቹ ያለውን ነገር ነው። ኮሚቴዎች ዋናውን ሰው ለሰዓታት ጠይቀው ረዳቶቹን በስም ዝርዝር ያልፏቸዋል። ዕጩው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ስለ ፍልስፍናው ያማረ ገለጻ ሲያደርግ ጭንቅላት መነቅነቅ ቀላል ነው። ከገለጻው ይልቅ እንዲህ ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ይገለጣል፦ ስክረሙን ማን ያሠለጥናል? መከላከሉንስ? ያ ሰው ዛሬ በሌላ ክለብ ውል ታስሯል ወይስ ነፃ ነው? እምቢ ካለ ሁለተኛው ማን ነው? ለዓለም ዋንጫ የሚሄዱትን 33 ተጫዋቾች የመጨረሻ ስም የሚወስነው አንተ ነህ ወይስ ድምፅ ይሰጥበታል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከኪሱ መልስ የሌለው ዕጩ ገና ሥራውን አላሰበበትም።

ሌላው የኮሚቴ በሽታ መደበቅ ነው። እንግሊዝ በ2022 ከ12 ጨዋታ አምስቱን ብቻ አሸንፋ ስትጨርስ ፌዴሬሽኑ የጆንስን ሥራ የሚገመግም ቡድን እንዳለው ተናገረ፤ የአባላቱን ስም ግን አልገለጸም። ጆንስ በዲሴምበር ተሰናበቱ። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ደጋፊው ግን ማን እንደወሰነ፣ ወሳኞቹም ከማን ጋር ወዳጅ እንደሆኑ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ስሙን መግለጽ የሚፈራ መራጭ ምርጫውን እንዴት ይከላከልለታል? አባላቱ ጫና እንዳይደርስባቸው ነው የሚለውን ምክንያት እሰማለሁ፤ አሠልጣኙ ግን በየሳምንቱ በሰማንያ ሺህ ሰው ፊት ጫናውን ይሸከማል።

ሦስተኛው ደግሞ ዝና ነው። ማርቲን ጆንሰን በ2003 ዋንጫውን ያነሣ አምበል ነበሩ፤ በ2008 የእንግሊዝ ቡድን ሲሰጣቸው አንድም ቀን አሠልጥነው አያውቁም። የተነሡት ብራያን አሽተን ደግሞ ከወራት በፊት ቡድኑን ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያደረሱ ሰው ነበሩ። ጆንሰን በ2011 ከሩብ ፍጻሜ ስንብት በኋላ ለቀቁ። የቦርድ አባላት ሲሆኑ ሰዎች በልጅነታቸው ካጨበጨቡለት ተጫዋች ጋር ጠረጴዛ መጋራት ይወዳሉ። ይህ መመዘኛ አይደለም።

የራግቢ ዳይሬክተሩ፣ ወይም ተተኪን ማሳደግ

ደቡብ አፍሪካ የተለየ መንገድ ሄደች። ራሲ ኢራስመስ በ2018 ቡድኑን ተረክበው በ2019 የዓለም ዋንጫ ካነሡ በኋላ የራግቢ ዳይሬክተር ብቻ ሆነው ዋና አሠልጣኝነቱን ለዣክ ኒናበር ለቀቁ። ኒናበር ሙያቸው ፊዚዮቴራፒስት ነበር፤ የመከላከል አሠልጣኝ ሆነው ከኢራስመስ ጋር ለዓመታት ሠርተዋል፤ የብሔራዊ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ግን ሆነው አያውቁም። የትኛውም ክፍት ውድድር እርሳቸውን የሚመርጥ አይመስለኝም። ዳይሬክተሩ ግን ያውቋቸው ነበር። በ2021 የብሪታንያና አየርላንድ ላየንስን (የአራቱን አገሮች ጥምር ቡድን) በሦስት ጨዋታ 2 ለ1፣ በ2023 ደግሞ ዋንጫውን አሸነፉ።

አየርላንድም በዚህ መንገድ ተጠቅማለች። አንዲ ፋረል በ2015 የላንካስተር ረዳት ሆነው ከእንግሊዝ ቡድን የተሸኙ ሰው ናቸው። አየርላንድ ወሰደቻቸው፤ በጆ ሽሚት ሥር የመከላከሉን ሥራ ሰጠቻቸው፤ ለሦስት ዓመት ያህል በየልምምዱና በየሽንፈቱ ካየቻቸው በኋላ በኖቬምበር 2018 ሽሚት ከዓለም ዋንጫው በኋላ እንደሚለቁ ሲናገሩ በዚያው ቀን ተተኪ አድርጋ ሰየመቻቸው። በ2022 በኒውዚላንድ ምድር ተከታታይ ጨዋታውን አሸነፉ፤ በ2023 የስድስቱን አገሮች ውድድር ያለ ሽንፈት ጨረሱ። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ይህን ያህል አያሳይም።

ቀድሞ መሰየም በራሱ ግን ዋስትና አይሆንም። ዌልስም ዌይን ፒቫክን ከዓመት በፊት ሰይማ ነበር። በ2021 የስድስቱን አገሮች ዋንጫ ቢያነሡም በ2022 በካርዲፍ በጣሊያንም በጆርጂያም ተሸንፈው ተሰናበቱ። ልዩነቱ ፒቫክ ከክልል ቡድን መምጣታቸው ነው፤ ብሔራዊ ቡድኑ ከውስጥ ሆኖ አላያቸውም ነበር።

ይህን መንገድ ሲመርጡ የሚያስፈራው አንድ ነገር ነው፤ ዳይሬክተሩ የራሱን ምርጫ ራሱ ሲገመግም ማን ይቆጣጠረዋል? ኢራስመስ ስላሸነፉ ጥያቄው ተረሳ። ቡድኑ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ አሠልጣኙን የሚያሰናብተው አሠልጣኙን የመረጠው ወዳጁ ነበር።

ተጫዋቾች፣ ክለቦችና ደጋፊዎች

ተጫዋች ይጠየቅ፤ አይምረጥ። ማን በልምምድ ላይ እንደሚያስተምርና ማን ዝም ብሎ እንደሚጮህ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን የሚመረጠው ሰው ነገ ከቡድኑ ሊቀንሳቸው የሚችል ሰው ነው፤ ስለዚህ ከጥቅም ግጭት ነፃ ሊሆኑ አይችሉም። ሲጠየቁም ምስጢራቸው ይጠበቅ። ከ2011 የዓለም ዋንጫ በኋላ የእንግሊዝ ተጫዋቾች በምስጢር የሰጡት አስተያየት ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ታተመ። ከዚያ በኋላ እውነቱን የሚናገር ተጫዋች ማግኘት እንዴት እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ክለቦችን ድምፅ ማስጠት የሞከረችው ፈረንሳይ ናት። በ2018 መጨረሻ ፌዴሬሽኑ የውጭ አገር አሠልጣኝ ይሁን ወይስ አይሁን ብሎ አማተር ክለቦችን ጠየቀ፤ ድምፅ ከሰጡት ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት አይሁን አሉ። በሩ ለውጭ ሰዎች ተዘጋ፤ ፋብየን ጋልቲዬ መጡ፤ በ2022 ፈረንሳይ የስድስቱን አገሮች ውድድር ያለ ሽንፈት አሸነፈች። ውጤቱ አማረ እንጂ መንገዱ አያስቀናም። ክለቦቹ የተጠየቁት ስለ ፓስፖርት ነበር፤ ስለ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ጥያቄው ከስሞቹ በፊት መቅረቡን እወድለታለሁ። የውጭ ሰው ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው የፖሊሲ ጉዳይ ነውና ቦርዱ ገና ከጅምሩ ወስኖ ቢያሳውቅ የማይመረጡ ሰዎችን በከንቱ ከማድከም ይተርፋል።

የደጋፊ ድምፅን በተመለከተ የ2007ቱ ኒውዚላንድ ይበቃል።

እንግዲህ የትኛውን?

መልሱ ፌዴሬሽኑ ባለበት ሁኔታ ይለያያል።

ለዓለም ዋንጫ ከአንድ ዓመት በታች ከቀረ ሥራ አስፈፃሚው ቤቱን ከሚያውቁት መካከል አንዱን ይሹም፤ ሰፊ ፍለጋ አያስፈልግም። ፊጂ በ2023 መጀመሪያ ላይ ቬርን ኮተር ሲለቁ ቀድሞውኑ በፌዴሬሽኑ ውስጥ ይሠሩ ለነበሩት ለሳይመን ራይዋሉይ ቡድኑን ሰጠች። በኦገስት በትዊክንሃም እንግሊዝን 30 ለ22፣ በሴፕቴምበር ከ1954 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አውስትራሊያን አሸነፉ፤ ለሩብ ፍጻሜም ደረሱ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ምድብ፣ አውስትራሊያ ከቤቷ ውጭ ዝና ፍለጋ ሄዳ ነበር።

የታመነ የራግቢ ዳይሬክተር ካለና በሥራው ላይ ቢያንስ ሙሉ አራት ዓመት የሚቆይ ከሆነ ምርጫው የእርሱ ይሁን። ነገር ግን የዓመታዊ ግምገማው ከእርሱ እጅ ወጥቶ ለሌላ ሰው ይሰጥ። ዳይሬክተሩ ራሱ ሊለቅ ሲል ከሆነ አይምረጥ፤ የሚመጣው ዳይሬክተር ያልመረጠውን ሰው ይወርሳል፣ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል።

ሁለቱም ካልሆኑ ኮሚቴ ይሁን፤ ብዙዎቹ ፌዴሬሽኖች ያሉትም እዚህ ነው። አምስት ሰው ይበቃል። ሦስቱ በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ያሠለጠኑ ወይም የተጫወቱ ይሁኑ፣ ቢያንስ አንዱ በሙያው ዋና አሠልጣኝ የነበረ። አራተኛው ከሌላ ስፖርት ይምጣ፤ አምስተኛው ሥራ አስፈፃሚው ነው። ስማቸው ከመጀመሪያው ቀን ይገለጽ። ከዕጩ ጋር በአንድ የአሠልጣኝ ቡድን ውስጥ የሠራ አባል ይህን አስታውቆ ከድምፅ ይውጣ። ቦርዱ የቀረበለትን ስም አልቀበልም ማለት ይችላል፤ በራሱ ስም መተካት ግን አይችልም። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ በደንቡ ላይ ካልተጻፈች ኮሚቴው ለሊቀመንበሩ መጋረጃ ብቻ ነው የሚሆነው።

ጊዜውን በተመለከተ ኒውዚላንድ ከ2019 ተምራ በማርች 2023 ዓለም ዋንጫው ሳይጀመር ሮበርትሰንን ቀጣይ አሠልጣኝ አድርጋ ሰየመች። ፎስተር ቅር ተሰኝተዋል፤ ቅሬታቸውንም አልሸሸጉም። ቡድናቸው ግን ለፍጻሜ ደረሰ፤ ስለዚህ ቀድሞ መሰየም ተጫዋቾችን ይበትናል የሚለው ሥጋት የሚባለውን ያህል አልታየም። ቀጣዩ የዓለም ዋንጫ በኦክቶበር 2027 በአውስትራሊያ ይጀመራል፤ 24 ቡድኖች ይሳተፉበታል፤ ከውድድሩ በኋላም በርከት ያሉ ፌዴሬሽኖች በአንድ ጊዜ አሠልጣኝ ይፈልጋሉ። ኮሚቴውን ያን ጊዜ ማቋቋም የሚጀምር ፌዴሬሽን የሚመርጠው ሌሎቹ መርጠው ከተረፉት መካከል ነው።